የቆዩ የመልክዐ ምድር ካርታዎችና የገጠራችን ታሪክ፦ ሒሳዊ አስተያየት

የኢትዮጵያን ገጠር ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ተመራማሪ በተለምዶ የሚመረኮዘው በሦስት ዓይነት ምንጮች ላይ ነው፤ ይኸውም በዜና መዋዕሎች፣ በየአድባራቱ መጻሕፍት ኅዳግ በተመዘገቡ የጉልትና የርስት ሰነዶች፣ እንዲሁም በውጭ አገር ተጓዦች ማስታወሻዎች ላይ ነው። ዜና መዋዕሉ ንጉሡን ይከተላል፤ ንጉሡ ያልረገጠውን ቀዬ አያነሣም። የጉልት ሰነዱ ስለ መሬቱ ጌታና ስለ ግብሩ ይናገራል እንጂ መሬቱን አርሶ ስለሚኖረው ሰው ውሎ አይነግረንም። ተጓዡም የሚያየው መንገዱ የሚያሳየውን ያህል ነው። ከእነዚህ ሌላ አራተኛ ምንጭ አለ፤ እርሱም የቆየው የመልክዐ ምድር ካርታ ነው። ይህ ምንጭ በመጻሕፍት መጨረሻ እንደ ማስጌጫ ተለጥፎ ከመታየቱ በቀር፣ እንደ ጽሑፍ ሲነበብና እንደ ምስክር ሲጠየቅ እምብዛም አላየንም።

በስደት ለምንኖረው ደግሞ ካርታ ሌላ ትርጉም አግኝቷል። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የናፍቆት ምልክት ሆኖ ተሰቅሏል፤ በየስብሰባው አዳራሽ ደግሞ ይህ ወንዝ የማን ነበር፣ ያ ወረዳ በየትኛው ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር ለሚለው ክርክር እንደ መሣሪያ ይመዘዛል። በሁለቱም መንገድ ካርታው ታየ እንጂ አልተነበበም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው የቆየ ካርታ የሦስት ወገኖች ቃል በአንድነት የሰፈረበት ሰነድ መሆኑን ነው፤ የመጀመሪያው መሬቱ ራሱ፣ ሁለተኛው ለቀያሹ ጥያቄ መልስ የሰጠው ገበሬ፣ ሦስተኛው ካርታው እንዲነሣ ያዘዘው ባለሥልጣን ነው። እነዚህን ሦስት ድምፆች ለይቶ ያልሰማ አንባቢ ከካርታው የሚያገኘው ራሱ ይዞት የመጣውን ሐሳብ ብቻ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ካርታዎቹ ለምን ተነሡ?

ማንኛውም ሰነድ ከመተቸቱ በፊት ማን፣ ለማን፣ ለምን ጻፈው ተብሎ ይጠየቃል። ለካርታም ጥያቄው ይኸው ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከ1838 እስከ 1848 ድረስ በአገራችን ተዘዋውሮ ከተራራ ወደ ተራራ ማዕዘን እየለካ የሰበሰበውን ሥራ ከ1860 እስከ 1873 ባሉት ዓመታት አሳተመ። ዓላማው የሳይንስ ነበር። ከ1867 እስከ 1868 አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደብ እስከ መቅደላ የሄደበትን መንገድ በቀያሾቹ አስነሣ። መድፍ የተጫኑ ዝሆኖችና በሺህ የሚቆጠሩ የጋማ ከብቶች ይዞ ለሚጓዝ ሠራዊት ካርታው የሚነግረው ውኃ የት እንዳለ፣ ሣር የት እንደሚገኝና የትኛው በር እንደሚያሳልፍ ነው። ጣሊያኖች በ1885 ምፅዋን ከያዙ በኋላ በፍሎሬንስ የሚገኘው የወታደራዊ ጂኦግራፊ ተቋማቸው የሰሜኑን አገር ካርታ እያሻሻለ ማውጣት ጀመረ፤ ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜም በአውሮፕላን ሰፊ የፎቶግራፍ ሥራ ተካሄደ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ሰፊ የቅየሳ ሥራ ተጀመረ። በዚህና በተከታዮቹ ዘመቻዎች ላይ ተመሥርተው 1፡50,000 መጠን ያላቸው የመልክዐ ምድር ካርታዎች በየጊዜው ወጡ።

ዓላማው የካርታውን ይዘት ይወስናል። ለዘመቻ የተነሣ ካርታ ምንጭና መተላለፊያ ይበዛበታል፤ ምን እንደሚዘራ ግን አይገልጽም። ለግድብ የተነሣ ካርታ የወንዙን ወለል ከፍታ በጥንቃቄ ይለካል፤ ዳገቱ ላይ ያለውን ቀዬ ስም ግን በችኮላ ይመዘግባል። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር እናስታውስ። የአገራችን ካርታዎች ለረጅም ዘመን የተመሠረቱበት የልኬት መነሻ አዲንዳን ይባላል። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ የነበረች የኑብያ መንደር ናት፤ ሕዝቧም ለአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲባል በ1960ዎቹ ከቀዬው ተነሥቷል። የእያንዳንዱ የወሎና የጎጃም አምባ አቀማመጥ የተሰላው ነዋሪዎቿን ካጣች መንደር ተነሥቶ ነው ማለት ነው። የአንድ አገር የገጠር ታሪክ ከሌላው ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ለማየት ይህ ራሱ በቂ ማስረጃ ነው።

፪. ስም እንደ ሰነድ

በካርታ ላይ ከሚገኙት ነገሮች ሁሉ ለገጠር ታሪክ እጅግ የበለጸገው የቦታ ስም ነው። የከፍታው መስመር የቀያሹ ወይም የፎቶግራፍ ተርጓሚው ሥራ ነው፤ ስሙ ግን ከገበሬው አፍ የወጣ ነው። በካርታው ላይ ተራው ሰው በራሱ ቃል የሚናገርበት ብቸኛ ስፍራ ይህ ነው ብንል አልተጋነነም።

ሆኖም ቃሉ ወደ ወረቀቱ የደረሰው ተጎድቶ ነው። ስሞቹ የተጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ የላቲን ፊደል ደግሞ በተለመደው አጻጻፉ ቀን ከከ፣ ጠን ከተ፣ ጨን ከቸ አይለይም። በጎንደር አካባቢ ያለውን ቀበሮ ሜዳ በላቲን ፊደል ብቻ ያነበበ እንግዳ ሰው ስሙ ከአውሬው ይሁን ከከበሮው የመጣ መሆኑን ሊያውቅ አይችልም። የመጀመሪያው ስለ ዱሩ ይነግረናል፤ ሁለተኛው ስለ በዓልና ስለ ማኅበር። አንድ ፊደል ሲሳሳት ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ይለዋወጣሉ ማለት ነው። ጣሊያናዊው ጸሐፊ ወልድያን በዑ ጀምሮ ሲጽፍ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቀው ደግሞ በሌላ ፊደል ሲጀምረው፣ አንዱ ቦታ በሁለት ማውጫዎች ውስጥ ሁለት ቦታ ይመስላል። በዚህ ረገድ ዳባዲ ከተከታዮቹ ይለያል። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ሰው እንደመሆኑ ድምፆቹን ለይቶ ይሰማ ነበር፤ የላቲኑንም ፊደል በልዩ ምልክት እየደገፈ ይጽፋቸው ነበር። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በኋላ ከወጡት ካርታዎች ይልቅ የእርሱ የስም ዝርዝር አንዳንድ ጊዜ ይታመናል። የመሣሪያው መራቀቅ የጆሮውን ጉድለት አይተካም።

ይህን ጥንቃቄ ይዘን ስንጠይቃቸው ስሞቹ ብዙ ይናገራሉ። ለአብነት ያህል ገበያን እንውሰድ። ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ ማክሰኝትና ሐሙሲት አሉ፤ በወሎም በሸዋም ሮቢት የሚባሉ ቦታዎች አሉ፤ አርብ ገበያ የሚባለውም ከአንድ በላይ ነው። እነዚህ ስሞች ቀን ናቸው። አንድ ተመራማሪ በአንድ ሉህ ላይ የሚገኙትን የቀን ስሞች ለቅሞ፣ በመካከላቸው ያሉትን የእግር መንገዶች ተከትሎ፣ ገበያዎቹ ሳምንቱን እንዴት ተከፋፍለውት እንደነበር ሊያወጣ ይችላል። ጨው፣ ጥጥና ከብት የሚተላለፍበት መረብ በዜና መዋዕል አልተጻፈም፤ በካርታው ላይ ግን ተዘርግቶ ይገኛል። ስሙ ሐሙስ እያለ ገበያው በሌላ ቀን የሚውልበት ቦታ ከተገኘ ደግሞ ለውጡ መቼና በማን ትእዛዝ እንደመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የአካባቢ ታሪክ የሚጀምረው ከእንደዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው።

ከተማ የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ዛሬ የምንረዳው እንደ ሕዝብ መኖሪያ ነው፤ በጥንቱ አነጋገር ግን የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ሰፈር ነበር። በካርታ ላይ ዙሪያውን በሚገዛ ኮረብታ ጫፍ ላይ ከተማ የሚል ስም ስናገኝ፣ በተለይ በደቡብ፣ ከሥሩ የሰፈረ ሠራዊትና ለእርሱ የገበረ ገባር እንደነበረ መጠርጠር ይገባናል። በኦሮሞ አገርም ኦዳና ጨፌ የሚሉት ስሞች በካርታው ላይ አንድ ዛፍና አንድ ረግረግ መስክ ብቻ ይመስላሉ። ኦዳ ግን የሸንጎ ዛፍ ነው፤ በሐረርጌ ያለው ኦዳ ቡልቱም ለዚህ የታወቀ ነው፤ ጨፌም ሕግ የሚደነገግበት ጉባኤ መጠሪያ ነው። ቀያሹ የሣሩን ምልክት አኖረ፤ ጉባኤውን ግን ሊያይ አልቻለም። ስሙን የሚያውቅ አንባቢ ሁለቱንም ያያል።

፫. ጎጆዎቹ የት ነበሩ?

1፡50,000 መጠን ያለው አንድ ሉህ በየጎኑ 15 ደቂቃ የሆነ መሬት ይይዛል፤ ይህም በእኛ አገር ኬክሮስ በየአቅጣጫው ወደ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የገበሬው ዓለም፣ ማለትም አጥቢያው፣ ገበያዎቹ፣ ወፍጮው፣ አማቾቹ የሚኖሩበት ቀዬ፣ በአብዛኛው በዚህ ስፋት ውስጥ ያድራል። ስለዚህ አንድ ሉህ ለአንድ የአካባቢ ታሪክ ተስማሚ ክልል ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ ሉህ ላይ የተበተኑት ትናንሽ ነጥቦች ጎጆዎች ናቸው። ቁጥራቸው ለሕዝብ ቆጠራ አይሆንም፤ አቀማመጣቸው ግን ትልቅ ማስረጃ ነው። በ1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ እንዲቋቋም ደነገገ። ይህ በካርታችን ላይ 32 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ በስሌት ሲታይ በአንድ ሉህ ላይ ወደ 90 የሚደርሱ ማኅበራት ሊቀመጡ ይችላሉ። አዋጁ የመጣው ግን በባዶ ወረቀት ላይ አልነበረም። ከአዋጁ በፊት በተነሡት ካርታዎች ላይ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹ፣ መንገዶቹና ምንጮቹ ሰዎች እነማን ከእነማን ጋር ይገናኙ እንደነበር ይጠቁማሉ። የማኅበራቱን ወሰን በእነዚህ ላይ ደርቦ የሚያጠና ሰው አዲሱ አደረጃጀት የትኛውን አጥቢያ ለሁለት እንደከፈለና የትኞቹን ተፎካካሪ ቀዬዎች እንዳጣመረ ሊያሳይ ይችላል። ከዚያ በኋላ የተነሡትን የድንበር ጠቦች መነሻ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አይታየንም።

ከዚያም ሰፈራና መንደር ምሥረታ መጡ። ከ1984 እስከ 1986 ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በአብዛኛው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ገበሬ ጎጆውን አፍርሶ በመስመር በተሠሩ መንደሮች እንዲሰበሰብ ተደረገ። በ1990 መንግሥት የኢኮኖሚ ፖሊሲውን መለወጡን ሲያስታውቅ በብዙ ቦታዎች ገበሬው መንደሩን ትቶ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። ወዴት ተመለሰ? ማን የአባቱን ደጅ አገኘ፣ ማን አጣ? ለዚህ ጥያቄ የመነሻ ማስረጃ የሚሆነው መንደር ምሥረታው ከመጀመሩ በፊት ከተነሣ የአየር ፎቶግራፍ የተዘጋጀው ካርታ ነው። ያን ካርታ የሠሩት ባለሙያዎች ሊፈርስ የተቃረበ ሥርዓተ ሰፈር እየመዘገቡ መሆናቸውን አያውቁም ነበር።

በውኃ የተሸፈነውም መሬት እንዲሁ ነው። በ1960 የቆቃ ግድብ ሲጠናቀቅ የአዋሽ ውኃ ተኝቶ ሐይቅ ሆነ። የኋለኛው ካርታ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ያሳየናል፤ ከሥሩ የነበረውን ግጦሽና የወንዝ ዳር መንገድ የምናገኘው ከግድቡ በፊት በተነሡት ላይ ነው። ውኃ መያዝ የጀመረው በ2020፣ የተመረቀውም በ2025 የሆነው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በታችኛው ዓባይ ሸለቆ ለፈጠረው ሐይቅም ይኸው ይሠራል። በግድቡ የሚኮራ ሰው የተሸፈኑትን የጉሙዝ ቀዬዎች ስም መዝግቦ ማኖር አገራዊ ግዴታው ነው፤ ሁለቱ አይጻረሩም።

፬. አረንጓዴው ቀለም

የካርታ ንባብ አለመኖር ምን ያህል እንደጎዳን ለማሳየት የደን ታሪካችንን የሚያህል ምሳሌ የለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአገራችን 40 ከመቶ መሬት በደን የተሸፈነ ነበር፣ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ግን ወደ 4 ወይም ወደ 1 ከመቶ ወረደ የሚለው አባባል በመንግሥት ሰነድ፣ በእርዳታ ድርጅት ዘገባና በትምህርት ቤት መጽሐፍ ሲደጋገም ኖሯል። የአባባሉ ፍሬ ነገር ገበሬው አገሩን አጠፋ የሚል ክስ ነው፤ ከክሱም ቀጥሎ ገበሬውን ማንሣትና ኮረብታውን መከለል ተገቢ ሆኖ ይመጣል። ጄምስ ማካን በ1997 ባሳተመው ጥናት ይህ ቁጥር የጸና ልኬት እንደሌለው አሳየ። ዶናልድ ክራሚም በ1998 ባወጣው ጽሑፍ ጣሊያኖች በ1937 በወሎ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከስድሳ ዓመት በኋላ ከተነሡት ጋር አነጻጽሮ፣ በብዙ ቦታ ዛፉ እንዲያውም በዝቶ መገኘቱን አስረዳ። በትግራይም የእንግሊዝ ዘመቻ በ1868 ያነሣቸው ፎቶግራፎች ሲጠኑ አገሩ ያን ጊዜም የተራቆተ እንደነበር ታየ።

በ2016 ደግሞ ከ1935 እስከ 1941 በጣሊያኖች የተነሡ ወደ 34,000 የሚጠጉ የአየር ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ፣ ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ይባል በነበረው መሥሪያ ቤት ተገኝተው መጠናታቸው በጥናት መጽሔት ተገለጸ። በእነዚህ ላይ ተመሥርተው የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያጠኑ ሰዎች፣ በዙሪያቸው ያለው ቁጥቋጦ እየሳሳ ቢሄድም ደኖቹ ራሳቸው እንደሚታሰበው ተሸርሽረው እንዳልጠፉ አሳይተዋል። ይህ የሚያስገርመን አይደለም፤ የአጸዱን ዛፍ የሚጠብቀው ገበሬ ያው ደን አጥፊ ተብሎ የተከሰሰው ገበሬ ነው።

እዚህም ላይ ግን ወደ ተቃራኒው ስህተት መሄድ አይገባም። በካርታው ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም የፎቶግራፍ ተርጓሚው ፍርድ ነው፤ ደን፣ ቁጥቋጦና ባሕር ዛፍ በየዘመኑ አንድ ዓይነት አልተመደቡም። በደቡብ ምዕራብ በቡና አገር የደኑ መመናመን ሐቅ ነው። ካርታው የሚያስተምረን ለመላው አገር የሚሠራ አንድ ቁጥር አለመኖሩን፣ የየሉሁ ታሪክ ለየብቻው መጠናት ያለበት መሆኑን ነው።

፭. ካርታው ዝም ያለባቸው

የካርታውን ዝምታም መተቸት ይገባል። በነጥብ የተመለከተችው ጎጆ የባለርስት ትሁን የጭሰኛ አይታወቅም። በደቡብ በቃላድ ተለክቶ ለመልከኛ የተሰጠውና በሰሜን በዘር ሐረግ የተወረሰው መሬት በካርታው ላይ አንድ ናቸው። ለዚህ የግብር መዝገብና የሽማግሌ ቃል ካልተጨመረ፣ ካርታው የመሬት ሥሪታችንን ፈጽሞ ይሰውራል።

ከሁሉ የከፋው ግን ነጩ ቦታ ነው። ቋሚ ጎጆና ቋሚ እርሻ በሌለበት በአዋሽ ሸለቆ የአፋር መሬት ካርታው ባዶ ይመስላል። ያ መሬት ግን በበጋ ከብቶች የሚተርፉበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ነበር። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ከተቋቋመ በኋላ ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ሲሰጥ የተሰጠው እንደ ባዶ መሬት ተቆጥሮ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ የአፋር ሕዝብ መሸሻ አጣ። ዘላን የሚኖርበትን አገር ወቅቱን ለይቶ ማሳየት የማይችል ካርታ በአስተዳዳሪ እጅ ሲገባ መሬት ነጣቂ ይሆናል። ስለዚህ ነጭ ቦታ ሲያጋጥመን ሰው የለም ማለት ሳይሆን ቀያሹ የመጣው በየትኛው ወር ነው ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

፮. የይዞታ ደብተር አይደለም

አሁን በመግቢያችን ወዳነሣነው የአዳራሽ ክርክር እንመለስ። ከ1991 ወዲህ ስለ ውስጥ አስተዳደር ወሰን በተነሣው ሙግት እያንዳንዱ ወገን የቆየ ካርታ እየጠቀሰ ይከራከራል። በመንግሥት በወጡት ካርታዎች ኅዳግ ላይ ግን የተመለከቱት ዓለም አቀፍ ወሰኖች እንደ ሕጋዊ ማስረጃ እንዳይወሰዱ የሚያስጠነቅቅ ቃል ታትሞ እንገኛለን። በጣሊያን ወረራ ዘመን የወጡት ካርታዎች ወሰን ደግሞ የድል አድራጊ ምኞት ነው፤ ዛሬ እርሱን እንደ ጥንታዊ ማስረጃ መጥቀስ ለወራሪው የአስተዳደር እቅድ መመስከር ይሆናል።

ካርታ ብቻውን ሲፈርድ ምን እንደሚከተል በኤርትራና በኢትዮጵያ መካከል ባየነው ተምረናል። ወሰኑ በ1900፣ በ1902ና በ1908 ውሎች የተነገረ ነበር። ከ1998 እስከ 2000 ከተደረገው እልቂት በኋላ የወሰን ኮሚሽኑ በ2002 ውሳኔውን ሲሰጥ፣ ካከራከሩት ከባድ ጥያቄዎች አንዱ በ1902ቱ ውል የተጠቀሰው ማይተብ የተባለው ወንዝ የትኛው ነው የሚል ነበር። በውሉ ዘመን በነበረው ካርታ ላይ ስሙ አንድ ቦታ፣ በምድር ላይ ሌላ ቦታ ስለነበረ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ካርታ ሠሪ ስሙን የተሳሳተ ጅረት ላይ አኖረ፤ የልጅ ልጆቻችን ደግሞ ያንን ስም ተከትለው ወደ ምሽግ ወረዱ። በወንዙ ግራና ቀኝ የሚኖረው ገበሬ ስለ ወንዙ ስም አስቀድሞ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ጦርነቱ ይቀር ነበር አንልም፤ የጦርነቱ መነሻም ከዚህ የሰፋ ነው። ነገር ግን የቦታ ስም ጉዳይ የሰዋስው ምሁራን መዝናኛ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

፯. ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ የቆየው የመልክዐ ምድር ካርታ ገበያን፣ አጥቢያን፣ ሰፈርንና የደን ሁኔታን በተመለከተ ሌላ ምንጭ የማይሰጠንን ማስረጃ ይሰጠናል። የሚሰጠው ግን ከሽማግሌ ቃል፣ ከግብር መዝገብና ከአየር ፎቶግራፍ ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ ነው። ለብቻው ሲነበብ ገበሬውን ደን አጥፊ፣ ዘላኑን የሌለ፣ ወሰኑንም ዘለዓለማዊ ያደርጋል።

ከዚህ በመነሣት ለማኅበራችን አባላት ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በፍሎሬንስ፣ በፓሪስ፣ በለንደንና በዋሽንግተን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት የአገራችን ካርታዎች በገጠር ከሚኖረው ባለቤታቸው ይልቅ ለእኛ የቀረቡ ናቸው። እያንዳንዱ አባል የተወለደበትን ወይም በቅርብ የሚያውቀውን አንድ ሉህ ወስዶ በላዩ ያሉትን ስሞች በፊደላችን አስተካክሎ ቢጽፍ፣ አገሬው ኦሮምኛ፣ አፋርኛ ወይም ጉሙዝኛ ተናጋሪ በሆነበትም ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ቢሠራ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማንም መንግሥት ያልሠራው ማውጫ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ስሞቹን ለቀያሹ የነገሩት ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ከ1975ቱ አዋጅ በፊት የነበረውን ቀዬ በጎልማሳነቱ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ሰማንያውን እየያዘ ነው። የድንበር ክርክሩ ይቆየናል፤ እነዚህ ሽማግሌዎች ግን አይቆዩንም። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከእነርሱ ነው።